አሮጌ ላንድሮቨር መያዝ፣ ማደስና መነካካት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ስለ ድሮዎቹ ላንድሮቨሮች ናቸው። ከ1948 እስከ 1985 የተሠሩት፣ በባሌስትራ የሚሄዱት፣ ብዙዎቻችን በገጠር መንገድ ሰውና እህል ደራርበው ሲጭኑ ያየናቸው። ስለ ዲፌንደርና ስለ ዲስከቨሪ የምትፈልጉ ብዙ አታገኙም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያየሁት መኪና የትኛው ሲሪየስ (የትኛው ትውልድ) እንደሆነ በምን ልወቅ?

ከፊቱ ቁሙና መብራቱን እዩ። ሁለቱ የፊት መብራቶች መሃል ላይ፣ ከግሪሉ ጋር ከተቀመጡ መኪናው የተሠራው ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፊት ነው። ወደ ፓራፋንጎው (የጎማው መከለያ) ወጥተው ከሆነ ከዚያ ወዲህ ነው። ቀጥሎ ጎኑን እዩ። ከመስኮቱ በታች ክብ ብሎ ወጣ ያለ ከሆነ ሲሪየስ ሁለት ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ያ ቅርጽ የመጣው በ1958 ነው። ጎኑ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ሲሪየስ አንድ ነው። እሱን ካገኛችሁ አትልቀቁት። ሲሪየስ ሦስት በ1971 ወጣ። ግሪሉ ፕላስቲክ ነው፤ ጌጆቹም ከክሩስኮቱ መሃል ተነስተው ሹፌሩ ፊት መጥተዋል።

ይሄ ሁሉ ግን ፋብሪካው እንዳወጣው ለቆየ መኪና ነው። እኛ አገር የአንዱ ፓራፋንጎ፣ የሌላው ግሪል፣ የሦስተኛው በር አንድ ላይ ተገጥሞ ማግኘት የተለመደ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ዳኛ የሻንሲ (መኪናውን ከስር የሚሸከመው ብረት) ቁጥሩ ነው። ከፊት በቀኝ በኩል፣ ባሌስትራው በሚታሰርበት የሻንሲ ጫፍ ላይ ተመትቷል። ጭቃውንና ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ አንሱለት። ለምሳሌ ቁጥሩ በ244 ከጀመረ፣ መሪው በግራ የሆነ፣ ለውጭ ገበያ የተሠራ አጭሩ የቤንዚን ሲሪየስ ሁለት ኤ ነው።

አጭሩ ይሻላል ረጅሙ?

አጭሩ 88 ኢንች፣ ረጅሙ 109 ኢንች ይባላል። ልኩ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ነው። ቤተሰብ ጭናችሁ የምትወጡ ከሆነ ረጅሙን ያዙ። ለመነካካት፣ ለጠባብ ግቢና ለከተማ መታጠፊያ አጭሩ።

ልገዛ ነው። መጀመሪያ ምን ልይ?

ቀለሙን አትዩ። ቀለም የሚያየው ገዢ ነው ሁልጊዜ የሚበላው። ትንሽ መዶሻ፣ ባትሪ መብራትና የማያሳዝን ልብስ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩን አስፈቅዱና ከስር ግቡ።

ሻንሲው አራት ማዕዘን ሆኖ የተበየደ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት ነው። ውሃና ጭቃ ውስጡ ይገባና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አይታይም። ከፊት እስከ ኋላ ቀስ እያላችሁ በመዶሻው አንኳኩት። ጤነኛ ብረት ድምፁ ጥርት ይላል፣ መዶሻውም ነጠር ይላል። የተበላው ድምፁ ይደፈናል። አንዳንዴ የዝገት ፍርፋሪ ውስጡ ሲንሿሿ ትሰማላችሁ። አዲስ ጥቁር ቀለም ወይም ሬንጅ የተለቀለቀበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ደግማችሁ አንኳኩ። ሰው ሊሸጥ ሲል ከስር የሚቀባው ያለ ነገር አይደለም። ቀድመው የሚበሉት ከኋላ ያለው አግዳሚ ብረትና ባሌስትራዎቹ የሚታሰሩባቸው ቦታዎች ናቸው።

ከዚያ ውስጥ ግቡ። ከሞተሩ ኋላ ያለው፣ እግራችሁ የሚያርፍበት ግድግዳ እሱም ብረት ነው። ምንጣፉን አንሱና በአውራ ጣት ግፉት። የፊት በሮቹ የሚንጠለጠሉት በእሱ ላይ ስለሆነ፣ እሱ ከተበላ በሩ ወርዶ አልገጥም ይላል። ሻጩ «በሩ ትንሽ ይያዛል» ካላችሁ ችግሩ በሩ ላይ ላይሆን ይችላል።

መኪናው የሚነዳ ከሆነ ቁልቁለት ፈልጉ። በሁለተኛም በሦስተኛም ማርሽ እየወረዳችሁ እግራችሁን ከነዳጁ ፔዳል አንሱ። ማርሹ ራሱን ችሎ ከወጣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መከፈቱ አይቀርም። ይህ ዋጋ ማውረጃ ነው እንጂ መሸሻ አይደለም። ካምቢዮ ይሠራል፣ ሞተር ይሠራል። የተበላ ሻንሲ ግን ሌላውን ሁሉ ማውረድ ይጠይቃል።

ወረቀቱን መጨረሻ ላይ ስለጠቀስኩት አታቃልሉት። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ መግጠም አለበት። «ችግር የለውም፣ ሊብሬው ይወጣል» ከተባላችሁ፣ ወጥቶ እስክታዩት ብር አትክፈሉ።

አሉሚኒየም ነው አይደል? ታዲያ ምኑ ነው የሚዝገው?

ቆዳው ነው አሉሚኒየም። ሻንሲው፣ የእግር ግድግዳውና በርካታ ማያያዣው ብረት ነው።

ነገሩ የመጣው ከችግር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በኮታ ነበር የሚታደለው። አሉሚኒየም ግን ከአውሮፕላን ሥራ የተረፈ እንደ ልብ ይገኝ ነበር። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ ዌልስ ውስጥ አንግልሲ ደሴት ላይ ባለው እርሻው ከጦርነት የተረፈ ዊሊስ ጂፕ ይነዳ ነበር። የራሳችንን ብንሠራስ የሚለው ሐሳብ ከዚያ ተወለደ። መኪናው በሚያዝያ 1948 አምስተርዳም ኤግዚቢሽን ላይ ቀረበ። ኩባንያው የቅንጦት መኪና ገበያው እስኪያገግም ለጥቂት ዓመታት መሸጋገሪያ ይሆነኛል ብሎ ነበር የጀመረው። በ1976 አንድ ሚሊዮንኛው ወጣ።

አሁን ወደ ዝገቱ። አሉሚኒየምና ብረት በቀጥታ ተነካክተው መሃላቸው ውሃ ሲገባ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ፤ ተጎጂው አሉሚኒየሙ ነው። በሪቬቶቹ ዙሪያና በበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ እሱ ነው። ፓነል አውልቃችሁ መልሳችሁ ስትገጥሙ ብረቱን ቀቡት፣ መሃል ላይም ቀጭን ጎማ ወይም ማሸጊያ አስገቡ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ግን ብዙ ጋራዥ አይሠራውም።

ጎኑ ተጎርብጧል። ስቱኮ ልሙላው?

ከተቻለ አትሙሉት። አሉሚኒየም ሲመታ ይጠነክራል፣ ደጋግማችሁ ስትቀጠቅጡት ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ማለስለስ አለበት። ዘዴው ቆንጆ ነው። የተጎዳው ቦታ ላይ ተራ የልብስ ሳሙና እሹበት። ከዚያ የጋዝ ነበልባል እያንቀሳቀሳችሁ አሙቁት። ሳሙናው ቡናማ ሆኖ መጥቆር ሲጀምር በቃ፣ እሳቱን አንሱ። ከዚያ ካለፋችሁ አሉሚኒየሙ ሳያስጠነቅቅ ቀልጦ ይወርዳል። ሲበርድ ልስልስ ስለሚል ከኋላው በእንጨት መዶሻ፣ ከፊቱ በአሸዋ ከረጢት ደግፋችሁ ቀስ እያላችሁ መልሱት።

ከመቀባታችሁ በፊት አሉሚኒየም የሚይዝ ልዩ ፕራይመር ያስፈልጋል። ተራ ፀረ ዝገት ላዩ ላይ ከቀባችሁ በአንድ ክረምት ይላጣል።

ዕድሳቱን ከምን ልጀምር?

ከፍሬን። ከዚያ መሪ። ከዚያ ሞተር፣ ከዚያ ኤሌትሪክ። ቀለም መጨረሻ ነው። በተቃራኒው የሄደ ሰው ያማረ፣ የማይቆም መኪና ነው የሚይዘው።

አብዛኞቹ አሮጌዎቹ የፍሬን መስመራቸው አንድ ነው። አንድ ጎማ ላይ ያለች ቱቦ ከፈሰሰች አራቱም ጎማ ፍሬን የለውም። ስለዚህ የጎማ ቱቦዎቹ ዕድሜያቸው ካልታወቀ በደፈናው ቀይሯቸው። የብረት ቱቦዎቹንም ሻንሲው ላይ በሚያልፉበት በኩል በጣት እየዳሰሳችሁ እዩ።

ፍሬኑ በሙሉ በከበሮ ነው የሚሠራው። ፔዳሉ ከወለሉ ሊደርስ ከሆነ ዘይት ከመጨመር በፊት የፍሬን ሸራውን (ከበሮውን እየፈተገ የሚያቆመውን) ወደ ከበሮው አስጠጉት። ጎማውን በክሪክ አንሱና ከፍሬኑ ሳህን ጀርባ ያለውን ማስተካከያ ብሎን ጎማው እስኪያዝ ድረስ አዙሩት። ከዚያ ጎማው ነፃ ሆኖ እስኪዞር ብቻ መልሱት። ፔዳሉን አንዴ ረገጥ አድርጉና ደግማችሁ ፈትሹ፣ ምክንያቱም ሸራው ቦታውን ያስተካክላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ከበሮውን ስትከፍቱ አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ በአፋችሁም አትንፉት። በውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉት።

የእጅ ፍሬን ይዤ በክሪክ ሳነሳው ሊሄድብኝ ነበር። ለምን?

የእጅ ፍሬኑ ጎማዎቹ ላይ ስላልሆነ ነው። ከካምቢዮው ኋላ፣ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ ወደሚያከፋፍለው) በሚሄደው ዘንግ ላይ ያለች አንዲት ከበሮ ናት የሚይዘው። አንድ የኋላ ጎማ ከመሬት ካነሳችሁ ዲፈረንሻሉ የተነሳውን ጎማ ወደ ኋላ እያዞረ ሌላው እንዲንከባለል ይፈቅዳል። መኪናው ይሄዳል። ክሪክ ከማስገባታችሁ በፊት ጎማዎቹ ሥር ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ወይም ታኮ አድርጉ። በዚህ ቀልድ የለም።

መኪናው እየሄደ ሳለም የእጅ ፍሬን አትሳቡ። ዘንጉንና ዲፈረንሻሉን ትጎዳላችሁ።

ከማርሹ መያዣ አጠገብ ያሉት ቢጫዋና ቀይዋ ዘንግ ምን ይሠራሉ?

ቢጫዋን ወደ ታች ስትጫኑ የፊት ጎማዎችም ይሠራሉ። በጭቃና በኮረት መንገድ ማለት ነው። ቀይዋን ወደ ኋላ ስትስቡ ከባዱ ማርሽ ይገባል፣ አራቱም ጎማ አብሮ ይያያዛል። ቀይዋን መኪናው ቆሞ ብቻ ንኳት። ወደ ተራው አነዳድ ለመመለስ ቆማችሁ ቀይዋን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሳቡና ወደ ፊት መልሷት፤ ቢጫዋ ራሷ ብድግ ትላለች።

አስፋልት ላይ ቢጫዋን አትጫኑ። ፊትና ኋላን የሚያስማማ የመሃል ዲፈረንሻል የለውም። ስትታጠፉ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ፤ ልዩነቱ ማምለጫ ሲያጣ ዘንጎቹና ማርሾቹ ላይ ይጠራቀማል። መሪው ሲከብዳችሁ፣ ቢጫዋም አልወጣ ስትል ያኔ ይገባችኋል።

ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ ይጮህብኛል። ተበላሽቷል?

ሲሪየስ ሁለት ወይም ሁለት ኤ ከሆነ ላይሆን ይችላል። በእነሱ ላይ ማርሹን በፀጥታ የሚያገናኘው ነገር ያለው ሦስተኛና አራተኛ ላይ ብቻ ነው። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ወደ ባዶ አውጡ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ፣ ነዳጅ ትንሽ ስጡት፣ ደግማችሁ ረግጣችሁ ሁለተኛን አስገቡ። የድሮ የከባድ መኪና ሹፌሮች ይህን በእንቅልፋቸውም ያደርጉታል። አንዱን ጋብዛችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡት። ሲሪየስ ሦስት ከሆነና ከጮኸ ግን እውነትም ሥራ አለው።

ቫልቭ ራሴ ማስተካከል እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ከዚህ መኪና ጋር መዋደድ የሚጀመረውም እዚህ ነው። የምናወራው ስለ 2.25 ሊትሩ ሞተር ነው፣ ቤንዚንም ዲዝልም።

ካንዴላዎቹን አውልቁ፤ ዲዝል ከሆነ ኢንጀክተሮቹን ተዉአቸው፣ ማዞሩ ብቻ ይከብዳችኋል። የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ክዳን ክፈቱ። ስምንት ቫልቭ ታያላችሁ። ከፊት ጀምራችሁ ከ1 እስከ 8 ቁጠሯቸው። አሁን ሞተሩን በማኖቬላ (ከፊት ገብቶ ሞተሩን በእጅ በሚያዞረው ብረት) ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ስምንተኛው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ሲከፈት የምታስተካክሉት አንደኛውን ነው። ሰባተኛው ሲከፈት ሁለተኛውን። ስድስተኛው ሲከፈት ሦስተኛውን። ሕጉ ይሄ ነው፦ የተከፈተውና የሚስተካከለው ሲደመሩ ዘጠኝ መሆን አለባቸው። በቃ፣ ሌላ የሚሸመደድ የለም።

ልኩ ለማስገቢያውም ለማስወጫውም 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሞተሩ ቢሞቅም ቢበርድም። ዳዶውን በመፍቻ ፈታ አድርጉ፣ የመለኪያዋን ቀጭን ብረት አስገቡ፣ መሃል ያለውን ብሎን በካቻቪቴ አዙሩ። ብረቷ ስትሳብ ትንሽ መጎተት ሊሰማችሁ ይገባል። ከዚያ ካቻቪቴውን ሳታንቀሳቅሱ ዳዶውን አጥብቁ። እዚህች ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው፤ ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ይዞራል። ስለዚህ ካጠበቃችሁ በኋላ ደግማችሁ ለኩ።

ትንሽ ቲክ ቲክ ቢል አትጨነቁ። ድምፁ ይጠፋ ተብሎ የጠበቀ ቫልቭ በደንብ ሳይዘጋ ይቀርና ይቃጠላል።

ማኖቬላ ለማታውቁ አንድ ነገር። ሞተር ለማስነሳት ስታዞሩ አውራ ጣታችሁን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል አድርጉ፣ አትጨብጡ። ሞተሩ ወደ ኋላ ከረገጠ ጨብጦ የያዘ አውራ ጣት ይሰበራል።

ቤንዚኑ እርሳስ የለውም። ሞተሩን አይጎዳውም?

እነዚህ ሞተሮች ሲሠሩ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ነበር፤ የማስወጫ ቫልቩን መቀመጫ ይጠብቅ ነበር። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ከ2006 መግቢያ ጀምሮ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ትቷል። በዝግታ ለሚነዳ ሰው ጉዳቱ ቀስ ያለ ነው። የማስወጫ ቫልቮቹ ልክ በተደጋጋሚ እየጠበበ ከሄደ መቀመጫው እየተበላ ነው ማለት ነው። አንድ ቀን ቴስታታው ሲወርድ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ጠንካራ መቀመጫ አስገጥሙበት። ለዚህ ብቻ ብላችሁ ግን ጤነኛ ሞተር አትክፈቱ።

አዲስ አበባ ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ዳገትም አይወጣም።

አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ ሞተሩ የሚያገኘው አየር ከባህር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ የድሮውን ያህል ቤንዚን ያፈሳል። ውጤቱ ጥቁር ካንዴላ፣ ጥቁር ጭስና የሰነፈ ሞተር ነው። መፍትሔው ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን የቤንዚን ቀዳዳ በአንድ ደረጃ ጠበብ ባለች መቀየር ነው። የድሮዋን አትጣሉ፣ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አኑሯት። ወደ አዋሽና አፋር ወርዳችሁ ልትከርሙ ከሆነ መልሳችሁ ታስገቧታላችሁ።

ቆላ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። በዚህ ሞተር ካርቡራተሩ ከጭስ ማስወጫው በላይ ነው የተቀመጠው። በሙቀት ዳገት ወጥታችሁ ስታቆሙት ቤንዚኑ ይፈላና አልነሳም ይላል። ሞተሪኖውን እያስጮሃችሁ ባትሪ አትጨርሱ። ኮፈኑን ክፈቱ፣ የቤንዚን ቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጉ፣ ቡና ጠጡ።

በሊትር ስንት ይሄዳል?

የቤንዚኑ አምስትም ስድስትም ኪሎ ሜትር። ከባዱን ማርሽ ካስገባችሁ አትጠይቁ። ፍጥነቱም በሰዓት 80 ላይ ደስ ይለዋል። ከዚያ በላይ የሚጮኸውን ነገር ዝርዝር መያዝ አይቻልም።

የቶዮታ ዲዝል ሞተር ልጫንበት?

ብዙ ሰው አድርጎታል፣ ምክንያቱም ይገባኛል። ዕቃው በየቦታው አለ፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጉልበት አለው። ግን ጉልበቱ የት እንደሚሄድ አስቡበት። ከኋላ ዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች በፋብሪካው ሞተርም ቢሆን የዚህ መኪና ደካማ ጎን ናቸው። ከበሮ ፍሬኑም ለፈጣን መኪና አልተሠራም። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ስላለ ለውጡን ማስመዝገብ ግድ ነው። በየቀኑ ለሥራ የምትነዱት ከሆነ አልከራከርም። ለፍቅር የያዛችሁት ከሆነ ግን የራሱን ሞተር አሠሩለት። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ብሮንዚና ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አሁንም ይገኝለታል፣ ኮሎውንም (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ቶርኖ ቤት ያስተካክሉታል።

መንገድ ላይ የኋላው ዘንግ ቢሰበርስ?

«ጓ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም። አትደንግጡ፤ እጅ ያለው ሰው ቤቱ ይገባል። የፊት ጎማዎቹ እምብርት ላይ ማያያዣ ካላቸው እሱን አጥብቁና ቢጫዋን ተጫኑ። አሁን የሚስባችሁ የፊቱ ነው። የተሰበረውን ዘንግ ጎማው መሃል ካሉት ብሎኖች ፈታችሁ አውጡት፣ ስብርባሪው ዲፈረንሻሉን እንዳይበላ። ቀስ ብላችሁ ንዱ።

ዕቃ ከየት አገኛለሁ?

አዲስ አበባ ላይ ሶማሌ ተራ ይጀመራል። የወለቀ ብረት፣ እጀታ፣ መስታወት፣ ማጠፊያ ለሚፈልግ ምናለሽ ተራም አለላችሁ፤ ትዕግሥትና የተሰበረውን ዕቃ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። በስም አትጠይቁ፣ አሳዩ።

ኩሽኔታ ሲሆን «የላንድሮቨር» ማለት አያስፈልግም። ቁጥሩ ላዩ ላይ ተጽፏል። ያንኑ ቁጥር ይዛችሁ ኩሽኔታ የሚሸጥ የትኛውም ሱቅ ግቡ፣ ዋጋውም ይረክሳል። የዘይት ማኅተም ጎማም በልኩ ነው የሚገዛው፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። የፍሬን ሸራ በአሮጌው ላይ አዲስ ማስመታት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው እንግሊዝ ነው። እዚያ ለእነዚህ መኪኖች ከጓርኒሲዮን ጀምሮ ዚንክ እስከተነከረ አዲስ ሻንሲ ድረስ ዛሬም ይሠራል። ሻንሲ ሻንጣ አይገባም። የካርቡራተር ጥገና ዕቃ፣ የዲስትሪቢዩተር ኮንታክትና የፍሬን ላስቲክ ግን ለንደን ያለች አክስት ሻንጣ ጥግ ላይ ቦታ አያጡም። የዕቃውን ቁጥር ጽፋችሁ ላኩላት እንጂ «የፍሬን ላስቲክ» ብቻ አትበሏት፤ በከንቱ ታደክሟታላችሁ።

መፍቻዬ ብሎኑን ይስተዋል።

ብሎኑ በኢንች ነው፣ መፍቻችሁ በሚሊ ሜትር። በተለይ ሲሪየስ አንድ ላይ ጥንታዊ የእንግሊዝ ልኮች አሉ። አንድ ጋራዥ ውስጥ 13 ቁጥር መፍቻ ጨርቅ ጠቅልለው ሲያስገቡበት አይቻለሁ፤ የብሎኑ ጥግ ተላጦ በመሮ ነው የወጣው። ሙሉ የኢንች መፍቻ ግዙ። የዛገውን ከመፍታታችሁ በፊት ማታ ዘይት ነክራችሁት እደሩ።

ባትሪ ስቀይር ተቃጠለ። ምን ተፈጠረ?

እስከ 1967 አካባቢ የተሠሩት ከሰውነቱ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፣ ዛሬ ከለመድነው በተቃራኒ። ይህን ያላወቀ ሰው ባትሪውን እንደ ተለመደው ያስረዋል ወይም ከሌላ መኪና በገመድ ያስነሳዋል። ከማሰራችሁ በፊት ወፍራሙ ገመድ ከሻንሲው የታሰረው ከየትኛው ጫፍ እንደሆነ እዩ። ዲናሞው በአልተርኔተር ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ ወደ ኔጌቲቭ ተዛውሮ ይሆናል፤ ኤሌትሪሻን አረጋግጦ ኮፈኑ ሥር በቀለም ይጻፍበት።

ከውጭ አገር ማስገባት እችላለሁ?

ወደ ኢትዮጵያ? እርሱት። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት ናቸው ያሉት። አንዱን ለብረት ዋጋ ሲቆራርጡት ባየሁ ቁጥር የሚያመኝም ለዚህ ነው።

እንግሊዝ ያላችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ። 40 ዓመት የሞላው መኪና፣ መሠረታዊ ለውጥ ካልተደረገበት፣ ከመንገድ ግብርና ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ ይሆናል። አሜሪካ ደግሞ 25 ዓመት ያለፈው መኪና የደኅንነት ደረጃውን ባያሟላም መግባት ይፈቀድለታል። የየስቴቱን የጭስ ሕግ ግን ቀድማችሁ እዩ።

ቦሎ ያልፋል?

ያልፋል። የሚጥሉት ጥቂት ነገሮች ናቸው፦ ፍሬን፣ የእጅ ፍሬን፣ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ጭስ። ከቀጠሮው በፊት ባለው ቅዳሜ አንድ በአንድ ሞክሯቸው። መብራት አልበራ ካለ አምፖል ከመቀየር በፊት ከሰውነቱ ጋር የሚታሰረውን ሽቦ አጽዱ። አሉሚኒየም ላይ የታሰረ ስለሆነ በነጭ ዱቄቱ ይሸፈንና ኤሌትሪክ አያስተላልፍም።

ወር ሙሉ ሳልነዳው ብቆይስ?

አታድርጉት። ቢያንስ በሳምንት አንዴ አውጡት፣ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ንዱት። ግቢ ውስጥ አስነስቶ ማጥፋት አይቆጠርም፤ ማርሚታው ውስጥ ውሃ ትቶ ያዝገዋል እንጂ። የፊት እምብርት ማያያዣ ካለው በወር አንዴ አጥብቃችሁ የተወሰነ ኪሎ ሜትር ሂዱ፣ እዚያ ያለው ዘይት ላይኛው ኩሽኔታ ጋ የሚደርሰው ዘንጉ ሲዞር ነው። ርቃችሁ መሄድ ግድ ከሆነባችሁ ባትሪውን ፍቱ፣ ፍሪሲዮኑም እንዳይጣበቅ ፔዳሉን አልፎ አልፎ የሚረግጥ ሰው ይኑር። የጎረቤት ልጅ በደስታ ያደርገዋል። ቁልፉን ብቻ አትስጡት።